መድኃኒቱ የሄደበት

ኬሚስቷ ትንሿን ብልቃጥ ስትከፍት አባቴ ወደ ክፍሉ ገባ።

ሌላ አባባል አጥቼ ነው። አባቴ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። እኔም በጠራራ ፀሐይ፣ በውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ፣ የውሃ ናሙና የተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ነበር። ኬሚስቷ መለኪያ መሣሪያውን የምታስተካክልበትን ንጹሕ ፈሳሽ ልትቀዳ፣ አየር በሚስበው ሳጥን ሥር ክዳኑን አላላችው። ከሳጥኑ ያመለጠች ቀጭን ሽታ አፍንጫዬ ደረሰች። ጣፋጭ ናት፤ የሚበላ ነገር ጣፋጭነት ግን አይደለም። ቀዝቀዝ ያለች፣ ጉሮሮን በስሱ የምትነካ። ልጅ ሳለሁ አባቴ በጓሮው በር ሲገባ ሮጬ አንገቱ ላይ እየተጠመጠምኩ የምስባት ሽታ ናት።

«ምነው? ፊትህ ተለዋወጠ» አለችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የደረቅ እጥበት ፈሳሽ። ላውንደሪዎች የሚጠቀሙበት። በዚህ ዙር በየጉድጓዱ ከምንፈልጋቸው አንዱ ነው። ታውቀዋለህ እንዴ?»

«አባቴ ነው» አልኳት።

ሳቀች። እኔ አለመሳቄን ስታይ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው።

አባቴ ላውንደሪ ነበረው። ሱቁ ፊቱን ለመንገዱ፣ ጀርባውን ለግቢያችን ሰጥቶ የቆመ ነው። የካውያው እንፋሎት፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉት ልብሶችና ማሽኑ ሞልተውት ለሰው መተላለፊያ እንኳ ጠባብ ነበር። ማሽኑ ክብ የመስታወት መስኮት አለው። ቴሌቪዥን ሳይኖረን በፊት የእኔ ቴሌቪዥን እሱ ነበር። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ የሰፈሩ ኮትና ቀሚስ ተቃቅፎ ሲሽከረከር አያለሁ። «አባዬ፣ የመምህሩ ኮት የነርሷን ቀሚስ አቀፈ!» እያልኩ ወሬ አቀብለዋለሁ። «ተው አንተ፣ የሰው ትዳር ታፈርሳለህ» ይለኛል፤ ግን እሱም ጎንበስ ብሎ ሰርቆ ያያል።

ከእድፍ ጋር ያወራ ነበር። ኮቱን ብርሃን ላይ ዘርግቶ ነጠብጣቧን ሲያገኛት፣ «አሃ! አንቺን ደግሞ እዚህ ማን ጠራሽ?» ይላታል። የሙሽራ ልብስ ሲመጣለት እጁን በሳሙና ሳይታጠብ አይነካም። ሰፈሩ ውስጥ ሰው «ንጹሕ ሰው» ሲል ስለ ማን እንደሚያወራ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

ፈሳሹን ቤተሰቡ በሙሉ «መድኃኒቱ» ነበር የሚለው። ሰው የበረሮውንም፣ የትኋኑንም፣ የቀለም ማስለቀቂያውንም መድኃኒት ይል የለ? እንደዚያው። «መድኃኒቱ አልቋል»፣ «መድኃኒቱ ነገ ይመጣል»፣ «መድኃኒቱ ካላስለቀቀው ምንም አያስለቅቀው»። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ደስ ካለው አንድ ጨዋታ ያሳየኛል። ጣቱን ነክሮ መዳፌ ላይ አንዲት ጠብታ ጠብ ያደርጋል። ጠብታዋ እንደ በረዶ ትቀዘቅዛለች።

«እፍ በል።»

እፍ እላለሁ። መዳፌ ደርቆ ባዶውን ይቀራል።

«የታለ?» ይለኛል።

«ሄደ!»

«የት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ወደ አገሩ» ይልና በራሱ ቀልድ ይስቃል።

አባቴ ይህን ለጨዋታ ብቻ አልነበረም የሚያምነው። ማሽኑ ሲጸዳ ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ይወጣል። ዝቃጩን በባልዲ ይዞ ከሱቁ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር መሬት ላይ ይደፋዋል። ቦዩ ውስጥ አይደፋውም፤ ቦዩ ውስጥ ልጆች ይጫወታሉ። መንገድ ላይም አይደፋውም፤ ሰው ያልፋል። ሰው የማይረግጠውን ቦታ መርጦ ይደፋዋል፣ መሬቱ ወዲያው ይደርቃል፣ እሱም ባልዲውን አጥቦ ይመለሳል። ፈሳሹ የሚመጣበት በርሜል ላይ የተጻፈው ማናችንም በማናነበው ቋንቋ ነበር። ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት ሥዕል አለችበት፤ ትስቃለች።

ከላይ ያለው በእርግጥ ይሄዳል፤ ይተናል። የቀረው ግን ከውሃ የከበደ ነው። በአፈሩ ቅንጣቶች መሃል እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሲያገኝም አያቆምም፤ ሥሩ ድረስ ሰጥሞ ይተኛና ለብዙ ዓመት ትንሽ በትንሹ ይሟሟል። ይህን ያወቅኩት ኮሌጅ ገብቼ ነው። አውቄም ስለ ሌላ ሰው ሱቅ፣ ስለ ሌላ ሰው ጉድጓድ ይመስለኝ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ስሙ ረጅም ነው፤ «መድኃኒት» አይለውም። ስሙንና ሽታውን ያገናኘሁት ያን ቀን ብልቃጡ ሲከፈት ነው።

«ቤታችሁ ጉድጓድ አለ?» አለችኝ ኬሚስቷ።

«አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ከእሱ ነው የሚቀዳው።»

በማግስቱ የናሙና ብልቃጥ የያዘ የበረዶ ሣጥኔን አንጠልጥዬ የእናቴን በር አንኳኳሁ።

«ዛሬ ምን እግር ጣለህ?»

«መሥሪያ ቤት ልኮኝ ነው፣ እማዬ።»

«ጉድ ነው! እናትህን ለመጠየቅ መሥሪያ ቤት መላክ ጀመረ?»

ግቢው እንደነበረ ነው። ሱቁ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ተዘግቷል፤ የእጅ ፓምፑ ግን ያንኑ አረንጓዴ ቀለሙን እንደተቀባ ነው፤ አጠገቡም የጎረቤት ጀሪካኖች ተራ ይዘው ተሰልፈዋል። መንገዱ አፍ ላይ የመንግሥት ቧንቧ አለ። ሰዉ ግን ክሎሪን ይሸታል ብሎ ይጸየፈዋል። የእኛ ውሃ ጭቃ ጭቃ አይልም፣ ዝገት ዝገት አይልም። «የእነሱ ውሃ ሲሸት ራሱ ንጹሕ ንጹሕ ይሸታል» ይባልለት ነበር። ይህ ሙገሳ ሲነገር ስንት ጊዜ ሰምቼ ኮርቻለሁ።

ፓምፑን ይዤ ውሃውን መሬት ላይ ማፍሰስ ስጀምር እናቴ ጮኸች። «ምን አጠፋ ውሃዬ?»

«ቧንቧው ውስጥ የቆመውን ነው፣ እማ። አዲሱ እንዲመጣ።»

ብልቃጡን አፉ ድረስ ሞላሁት፤ ውሃው ከከንፈሩ በላይ እስኪያብጥ። ክዳኑን አጥብቄ ገለበጥኩትና በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። አረፋ ካለበት ናሙናው አይረባም፤ የምንፈልገው ነገር ከውሃው ወጥቶ አረፋው ውስጥ ይገባል።

«ምን እያደረግከው ነው?» አለች እናቴ አንገቷን አስግጋ። «ልታስገሳው ነው? እኔ እንኳ አንተን እንዲህ ተጠንቅቄ አላስገሳሁህም።»

ሳቅን። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው በብርጭቆ ውሃ አመጣችልኝ። ወደ አፌ ሳስጠጋው ሽታዋ አለች፤ በጣም ቀጭን፣ የሚያውቃት ሰው ብቻ የሚለያት። ብርጭቆውን ዕድሜ ልኬን ስጠጣው እንደኖርኩት ልጨልጠው ፈልጌ አልቻልኩም። የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«ጠጣ እንጂ።»

«በኋላ።»

«ተጠየፍከኝ?»

«ምን ነካሽ እማዬ?» አልኳት። አላመነችኝም። እስክወጣ ድረስ ዓይኗ ከብርጭቆው አልተነሳም።

ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒቱ ውሃችን ውስጥ ተገኘ፤ ኬሚስቷም ደግማ ለካችው። ከናሙናው ጋር አብሮ የተጓዘው፣ እኛ «ምስክር ውሃ» የምንለው ንጹሕ ውሃ፣ ምንም አልነበረበትም። ስለዚህ መንገድ ላይ ወይም ከእኔ ልብስ የገባ ነገር የለም። ተስፋ ያደረግኩት ስህተት አልተገኘም። በዚሁ ዙር ናሙና የተወሰደበት፣ ከእኛ ቁልቁል ያለው የጎረቤታችን የፀጉር አስተካካዩ ጉድጓድም አነስ ባለ መጠን ተገኝቶበታል። ውሃው ከመሬት በታች ወደ እሱ ግቢ እየሄደ ነው።

«ነገ ጠዋት ማስታወቂያ ይለጠፋል» አለችኝ። «ምንጩን መጻፍ ግዴታ ነው። "የቀድሞው ላውንደሪ" ይላል። ከፈለግህ ለቤተሰቡ ሌላ ሰው ሄዶ ይንገር።»

«እኔ እነግራለሁ።»

እናቴ የሰማችኝ ሽንኩርት እየላጠች ነው። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ ቢላውን አስቀመጠች።

«መድኃኒቱ?»

«አዎ።»

«መድኃኒት እንዴት ይመርዛል?»

«ስሙ ነው መድኃኒት፣ እማ። እኛ ያወጣንለት።»

«ኮሌጅ የላከህ እኮ እሱ ነው! ደብተርህን የገዛው፣ ያን የምታስብበትን ጭንቅላትህን ያበላው መድኃኒቱ ነው! በዚህ ውሃ ነው ያሳደግኩህ፤ ምን ሆንክ? ግንድ አክለህ ተገትረህ የለ?»

«ብዙ ሰው ምንም አይሆንም። አንዳንዱ ግን ከዓመታት በኋላ ጉበቱን፣ ኩላሊቱን ይታመማል። ማን እንደሚታመም ማንም አያውቅም።»

የሽንኩርቱን ልጣጭ ወደ ጥግ ሰበሰበች። «አባትህስ?»

«አላውቅም፣ እማዬ። እውነቴን ነው። ሐኪሞቹም አያውቁም።»

ሽንኩርቱን ሰበብ አድርጋ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ፣ ቤት እንደምታስተዳድር ሴት ነገሩን ማስላት ጀመረች። «ፓምፑ ተበላሸ እንበል። እጀታውን ንቀለው። ሰዉ ወደ ቧንቧው ይሄዳል፣ ነገሩ ያልቃል።»

«ማስታወቂያውስ?»

«አንተ እዚያ አይደል የምትሠራው? ምንጩ አልታወቀም በላቸው። ልጄ፣ ሰፈሩ አባትህን በምን እንደሚያስታውሰው ታውቃለህ፤ "ንጹሕ ሰው" ብሎ። ነገ ደግሞ "ሰፈሩን የመረዘው" ሊሉት ነው። እሱ ተነስቶ አይመልስላቸው።»

ይህን ስትል ልቤ ወደ እሷ አደላ። አባቴን ለመከላከል ከእኔ የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው የለም። ግን የእኛን እጀታ ብነቅል የፀጉር አስተካካዩ እጀታ አለ።

«የጋሽ ምላጭ ጉድጓድስ?» አልኳት። «እሱንም ተበላሸ እንበል? ካልነገርነው ከራሱ ይቀዳል።»

ምላጭ የምንለው ፀጉር አስተካካዩን ነው፤ ግማሹ ለሥራው፣ ግማሹ ለምላሱ የወጣለት ስም ነው። ሴት ልጁ ሕፃን ታቅፋ እሱ ዘንድ ከመጣች ጥቂት ወራት ሆኗታል። የሕፃኗን የዱቄት ወተት መበጥበጫ ውሃ እናቴ ራሷ፣ ለይታ ባስቀመጠቻት ትንሽ ጀሪካን፣ በየቀኑ ታደርስላት ነበር።

እናቴ ትንሿን ጀሪካን በሩ ሥር አየቻት። ያን ቀን ቀድማ ሞልታታለች።

«ነጠላ ጫማዬን አቀብለኝ» አለች።

ስንደርስ ጋሽ ምላጭ የአንዱን ደንበኛ ፊት ግማሹን ላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደሆነ፣ ስለ አንድ የከሸፈ ሠርግ እያወራ ነበር።

«እትዬ! በሰላም ነው? ፀጉርሽን ልትቆረጪ እንዳይሆን ብቻ።»

«አንተ ምላጭ፣ ዛሬ ቀልድህን አቁምልኝ። የሕፃኗን ወተት በምን ውሃ ነው የምትበጠብጡት?»

«ባንቺው ነዋ። የቧንቧውንማ ስትቀምስ ፊቷን እንደ ዳኛ ታኮሳትራለች።»

«ድፉት። የእኔንም ድፉ፣ የራስህንም አትቅዳ። ውሃው ውስጥ የባለቤቴ መድኃኒት ገብቷል።»

ወደ እኔ ዞረ። «የላውንደሪው ልጅ፣ እናትህ ምን እያለች ነው?»

ነገርኩት። በሚገባው ቋንቋ፣ ሳላሳንስ፣ ሳላጋንንም። ምላጩ እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ ሰማኝ።

«ጋሼ፣ እኔስ?» አለ ደንበኛው ከመስታወቱ ውስጥ። «በግማሽ ፊት ልውጣ?»

የሳቀ ሰው የለም።

«እሱ ያውቅ ነበር?» አለ ጋሽ ምላጭ።

«አያውቅም» አለች እናቴ።

«እትዬ፣ እኔ የሰው ጉሮሮ ላይ ስለት ይዤ ነው የምውለው። ነገ አንዱን ብቆርጠው፣ አላውቅም ነበር ብል የሚሰማኝ አለ?»

  በአባቴ ላይ አልፈረደም፤ ሐሰትም አልተናገረም። ወደ ጓዳ ዞሮ ልጁን ጠራና የወተቱን ውሃ እንድትደፋ ነገራት። ውሃው ሲንዶቀዶቅ ውጪ ድረስ ተሰማን። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው አጠረ። «ደህና ዋላችሁ» ብሎ ያልፋል፤ ቀልድ የለም።

እናቴ ያን ምሽት የቀሩትን ጎረቤቶች በሙሉ በራሷ አፍ ነገረች። ማስታወቂያው ጠዋት ሲለጠፍ ያልሰማ ሰው አልነበረም። «የቀድሞው ላውንደሪ» የሚለውን ቃል ግን ቆማ ደጋግማ አነበበችው።

ዝናቡ ሳይገባ መሬቱን የማጽዳቱ ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ ማሽኑ ወጣ። ተሸካሚዎች በገመድና በእንጨት እየጎተቱ፣ «በል! በል!» እየተባባሉ በሱቁ በር አንሸራተቱት። እናቴ አስቁማቸው ክቡን መስታወት በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። «እንዲህ አቧራ ለብሶ አይሄድም» አለች። እኔም ጎንበስ ብዬ አንዴ አየሁበት፤ የራሴን ፊት ብቻ ነው ያየሁት። የሲሚንቶው ወለል ሲፈነቀል የካውያው ቦታ፣ አባቴ ሲቆም እግሩ ያለሰለሰው ቦታ፣ የእኔ በርጩማ የጫረው ቦታ አብሮ ተሰባብሮ በጋሪ ወጣ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። የላይኛው የተበከለ አፈር ተቆፍሮ በታሸገ በርሜል ይወሰዳል። ከዚያ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች መሬት ውስጥ ይተከላሉ፤ ሞተሩ በአፈሩ መሃል ያለውን አየር ይስባል፤ አየሩ በከሰል በተሞሉ ታንኮች ሲያልፍ ከሰሉ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል። ውሃውም እንዲሁ ተስቦ፣ ተጣርቶ ይመለሳል። ዓመታት ይወስዳል። ግን ቱቦው ምንጩ ላይ ካልተተከለ ሞተሩ ሲጮህ ቢከርም ዋጋ የለውም።

ችግራችንም ይሄ ሆነ። ከአጥሩ ሥር፣ አባቴ የሚደፋበትን ቦታ እኔው አሳየሁ፤ መለኪያውም አረጋገጠልኝ። ኬሚስቷ በእጅ የሚያዘውን መሣሪያ ይዛ ግቢውን ስትዞር ግን ወደ ኩሽናው ጥግ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ ቁጥሩ እንደገና ከፍ አለ።

«ይሄ አይገባኝም» አለች። «ከአጥሩ ወደዚህ አይፈስም፤ ዳገት ነው። እዚህ በርሜል ተቀብሮ ይሆን?»

«አባቴ እዚህ ደፍቶ አያውቅም» አልኳት። እርግጠኛ ነበርኩ።

«እንግዲያው ግቢውን በሙሉ መብሳት አለብን። ሱቁን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ሊነካ ይችላል።»

ቆፋሪው መሰርሰሪያውን ተደግፎ ሲጋራውን ያጨሳል። ጋሽ ምላጭም በር ላይ ቆሞ ነበር፤ መሬቱ ወደ እሱ የሚያፈስ በመሆኑ ሥራውን በየቀኑ መጥቶ ያያል፤ አይገባም፣ አይቀመጥም። እናቴ ከኩሽናው ወጣች። እጇ ርጥብ ነው።

«ቤቱን አትንኩ» አለች። «እዚያ የደፋሁት እኔ ነኝ።»

ሁላችንም ዞርን።

«እሱ አልጋ ላይ በዋለበት ጊዜ ሱቁ አልተዘጋም። አንተ ትምህርት ላይ ነበርክ፤ አልነገርንህም። ማሽኑን ማታ ማታ እኔ ነበርኩ የማስነሳው። ባልዲው ከባድ ነው፤ እስከ አጥሩ መድረስ አቃተኝ፣ ወገቤ እምቢ አለኝ። እዚህ ደፋሁት። ሲደርቅ አየሁና ደግሜ ደፋሁት።» ለኬሚስቷ እየነገረች ነበር፤ ድምጿ ግን በሩ ድረስ እንዲሰማ ከፍ ብሏል። «ማስታወቂያው ላይ "ላውንደሪው" ሲል ሰዉ እሱን ብቻ ነው ያሰበው። እኔም ዝም አልኩ። ለሞተ ሰው ተከራከርኩ እያልኩ የራሴንም እሱ ላይ ጫንኩበት።»

ኬሚስቷ፣ «እማማ፣ እርስዎም አያውቁም ነበር» ማለት ጀመረች። እናቴ በእጇ አስቆመቻት። እሷ የፈለገችው ያን መልስ አልነበረም። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።

ጋሽ ምላጭ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እንግዲህ» አለ በመጨረሻ፣ «ሁለታችሁንም ላኮርፍ ነዋ።»

«አኩርፍ፤ መብትህ ነው» አለችው። «እሱን ለብቻው ግን እንዳታኮርፈው።»

«አንቺን ማኩረፍ ደግሞ እዳ ነው። ለሁለት ሰው የሚበቃ ኩርፊያ ከየት አመጣለሁ?»

እናቴ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፤ ከኩሽናው ጥግ ተነስታ በተረከዟ መሬቱን እየጫረች ሄደች። «ከዚህ… እስከዚህ። አንዳንዴ እዚህም።» ኬሚስቷ ከኋላዋ እየተከተለች ትንንሽ ቀይ ባንዲራ ትተክላለች። እኔ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ማቀበል ጀመርኩ።

ቆፋሪው ሲጋራውን ረግጦ መሰርሰሪያውን ወደዚያ ሲገፋ የልብስ ማስጫው ገመድ መንገዱን ዘጋበት። ጋሽ ምላጭ ከበሩ ተነስቶ ገባ፤ ማንንም ሳያይ ገመዱን ከአንዱ ጫፍ መፍታት ጀመረ።